ድሬ አይበርድም ያለው ኮድ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ድሬ፣ የስፌት አዳራሻችን ውስጥ ሠራተኛው በብርድ ተኮራምቶ ሳለ ማራገቢያዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ተነሱ።

ልብስ ሰፊዋ ሂንዲያ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ከማሽኗ ተነሳች። "አቦ! ብርዱ ያነሰን መስሏችሁ ነው የምታራግቡን?"

ማራገቢያዎቹን የሚያዘውን ኮድ በሲ የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው የሥራ ባልደረባዬ ከድር ነው። ለየዲግሪው ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልግ የተደረደረበት አሬይ የሚባል የቁጥሮች ዝርዝር አለው። ኮዱ ከሙቀቱ ላይ ሃያ ይቀንስና የቀረውን ኢንዴክስ፣ ማለትም የዝርዝሩ ተራ ቁጥር፣ ያደርገዋል። ከድር ግን ኢንዴክሱን ከዜሮ በታች የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ባለ አንድ ባይት አንሳይንድ ቁጥር አድርጎታል።

ዛሬ ሙቀቱ ወደ አስራ ዘጠኝ ዲግሪ ወረደ። ከአስራ ዘጠኝ ላይ ሃያ ሲቀነስ ለከድር ኮድ፣ ከዜሮ በታች መውረድ ስለማይችል ወደ ባይቱ ትልቁ ቁጥር ዞሮ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነው! ከአሬዩ ውጭ ሄዶ ያገኘውን የማይረባ ቁጥር አመጣና "በዚህ ፍጥነት አራግብ" አለ።

ያኔ ሲጽፈው "ሳይንድ አድርገው፣ ኔጋቲቭም ይቀበል፤ ከዜሮ ካነሰ ማራገቢያው ይጥፋ" ብዬው ነበር።

"ኢንዴክስ ኔጋቲቭ ሆኖ ያውቃል? ደግሞስ ድሬ መች ይበርዳል፣ አቦ!" አለኝ ሊቁ።

(ሲ ቋንቋውም አያስጠነቅቅም። ዝም ብሎ ነው ገደል የሚሰድህ።)

ዛሬ ስንጠራው ከድር እየሮጠ መጣ። ወፍራም ጃኬት ለብሶ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቷል።

ሂንዲያ ከላይ እስከ ታች አየችውና "ጃኬቱን ለየትኛው ከተማ ነው የገዛኸው?" አለችው።

እናንተስ ጋ "ይሄ መቼም አይደርስም" ብሎ ኮድ የጻፈ ሊቅ አለ? እስቲ አውሩን። ከድርም ጃኬቱን እንደለበሰ ያነብባል።