የሄለን ድፎ ዳቦ በወይን መቅመሻው ቤት

ዛሬ አስተናጋጇ አራት ብርጭቆ ደረደረችና «ባለልደቷ የታለች?» አለችን።

አባባ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከቬጋስ አንድ ሰዓት ነድተን የሄድነው እህቴ ሄለን ለሃያ አንደኛ ልደቷ ያስያዘችውን የወይን ቅምሻ መሰረዝ ስላቃተን ነው። ሄለን ከሦስት ወር በፊት በኮሮና ሞተች። ያኔ ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር አርባዋን እንኳ አላወጣንላትም።

አባባ ቀመሰ። አስተናጋጇ የተቀመሰው ወይን የሚተፋበትን ዕቃ ስታሳየው «የሰው መጠጥ ይተፋል እንዴ?» ብሎኝ ዋጠው።

ለእኔ ገና አስራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ የወይን ጭማቂ ሰጡኝ። ሄለን ብትኖር ፎቶ አንስታኝ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ትልክ ነበር።

እማዬ ግን ብርጭቆዋን አልነካችም። ከቦርሳዋ ድፎ ዳቦ አወጣች።

«እማዬ፣ የውጭ ምግብ አይፈቀድም። ተጽፏል እኮ!»

«ዝም በል። ሰው ይብላላት።»

አስተናጋጇ ማስኳን ዝቅ አድርጋ እማዬ የቆረሰችላትን ቀመሰችና «የልደት ዳቦ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእህቴ መታሰቢያ እንደሆነና እህቴ እንደሞተች በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ የሆነ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

«ነፍስ ይማር ነው የምትለው።»

እማዬ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ ዳቦውን ይዛ ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሄደች። እኔም ላስተረጉም ተከተልኳት።

እናንተስ፣ በዚህ ኮሮና ተዝካር ያላወጣችሁለት ሰው አለ? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ። ለእማዬ አንድ በአንድ አነብላታለሁ።