መብራት እያለ የፈተሽኩት ክፍል

በኮንሰርቱ ምሽት በክፍሉ የነበርነው አራት ነን፦ እዚህ ዓረብ አገር፣ ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ፀጉር ቤት ያላት እናት፣ ኦቲዝም ያለባት ወጣት ልጇ፣ የአዳራሹ ዘበኛና ድምፅ የማስተካክለው እኔ። ልጅቷ ሙዚቃ ትወዳለች። የዘፈኑ ጩኸት ሲበዛባት እንድታርፍበት ክፍሉን ከመድረኩ ጀርባ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ጸጥታውን የፈተሽኩት ግን መብራት እያለ ነው።

ልጅቷ አረፍ እንዳለች መብራት ጠፋና ከግድግዳው ማዶ ጄኔሬተሩ አጓራ። ግንባሯን ከግድግዳው ማላተም ጀመረች። ዘበኛው «ኸላስ! በቃ!» እያለ እጇን ጠመዘዘ። እናቷ ክንዱን ነከሰችው፤ አፏን በቡጢ መታት፤ እኔም በወንበር ጀርባውን አልኩት።

«እሱን ተወው! ጄኔሬተሩን አጥፋ፣ አንተ ደንቆሮ!» አለችኝ ደም እየተፋች።

አጥፍቼ ስመለስ ልጅቷ ደጅ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች። እናቷ እንዳለችኝ የማታውቃቸው ሁለት ሴቶች ሳይነኳት ነው ያወጧት። እናንተ ሁለት እህቶቼ፣ ይህን ካነበባችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ፤ ክፍሉን እንደገና እየሠራሁ ነው።