መልስ እየጠበቀ የተቀዳ ሰላምታ

ልብስ ሰፊው ረመዳን ከስልጤ መጥቶ ጊንጪ የስፌት መኪናውን ከዘረጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መንገዱ ሲዘጋም፣ ሱቁ ሲሰበርም፣ ሚስቱን ሲቀብርም ለጠየቀው ሁሉ የሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል።» የጽናት ሥልጠና የሚሰጡት ባለአበሎች ቢያገኙት ፎቶውን ባነር ላይ ይሰቅሉት ነበር። ያ ትውልድ ጥርስ መንከስን እንደ ርዕዮተ ዓለም ይዞታል፤ መንጋጋው እስኪወልቅ መስመሩን አይለቅም።

አምቦ የምታስተምረው ልጁ ሰልሳቢል ደግሞ ከተቃራኒው ጎራ ናት። ለራስ ምታቷ እንኳ መግለጫ ሳታወጣ አታልፍም። በቴሌግራም በምትልክለት ድምፅ ደክሟታል፣ ከፍቷታል፣ ርእሰ መምህሩ አናዷታል፤ አራት ደቂቃ ሙሉ። ረመዳን «ይሄ ሁሉ ለማን ይጠቅማል?» ይልና መልሶ ይከፍተዋል። ሰው ይህን ሁሉ ተናግሮ በነጋታው እንዴት ሥራ እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. ቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተው፤ ግራውም ተከተለ። ሐኪሙ ሞራው ቶሎ ካልተገፈፈ እንደሚብስበት ነግሮ፣ ለቀዶ ጥገናው ቤተሰብ ይዞ እንዲመጣ አዘዘው። ያለው ቤተሰብ ሰልሳቢል ብቻ ናት። ሦስት ቀን ደወለላት። ሦስቱንም ቀን «አንተስ አባ፣ እንዴት ነህ?» ስትለው፣ አፉ በራሱ ሥልጣን «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

ጎረቤቱ እህል ነጋዴው ኦቦ ገቢሳ መላ አመጣ፤ እሷ «እንዴት ነህ» ብላ እንዳትጠይቀው እሱም ድምፁን ቀድቶ ይላክላት። ረመዳን ስልኩን እንደ ማይክራፎን ይዞ ጀመረ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰልሳቢል።» ዝም አለ። «እንዴት ነሽ?» ዝም አለ። «ጤናሽስ?» አሁንም ዝም።

«ምነው፣ ተኛህ እንዴ?» አለው ገቢሳ።

«እስክትመልስ ነዋ።»

«ልጅቷ እኮ ስልኩ ውስጥ የለችም።»

ረመዳን ግን ሰላምታው ሳይመለስለት ወደ ጉዳይ የሚገባ ባለጌ አይደለም። የአከራይዋን፣ የተማሪዎቿን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠይቆ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ጊዜ ሰጥቶ፣ ጣቱ ሲዝል መቅጃውን ለቀቀው። አምስት ደቂቃ፤ ስለ ዓይን አንድ ቃል የለበትም።

መልሷ ከሰዓት በኋላ መጣ። ትስቅብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን በተራ በተራ መለሰች። «ወዐለይኩሙ ሰላም። ደህና ነኝ። ጤናዬም ደህና ነው። አከራይዋም ተማሪዎቼም ደህና ናቸው፤ ዝናቡም ጥሩ ነው።» ቀጥላም፣ «ሰላምታው አለቀ፣ አባ። እንዴት ነህ አልልህም። ምን ልትለኝ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ ረመዳን የተሰፋ መልስ አልነበረውም።

«ቀኝ ዓይኔ አያይም» ብሎ ቀዳ። «ግራውም እየሄደ ነው። ሰው ይዘህ ና ብለውኛል። ነይልኝ።»

ወዲያው በድምፅ መለሰች። ማክሰኞ ትመጣለች፤ እስከዚያ ግን ትንሽ እንደምታለቅስ ከአሁኑ አሳወቀችው። ይህን ማሳወቅ ለምን እንዳስፈለገ ረመዳን አልገባውም። ቢገባው ብሎ ድምፁን እንደገና ከፈተው።