ከቴፒ የጫንኩት ማርና የመኪናዬ ማሞቂያ

ከጅማ የተነሳሁት ሰው ላጣራ ነው። ልጄን ሰናይትን የጠየቁ ሽማግሌዎች ሳሎኔ ተቀምጠው፣ እኔም እንደ ወጉ "መክረን እንነግራችኋለን" ብዬ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቻቸው ነበር። ልጁ ዮናስ እዚያው ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል፤ አባቱ አቶ በየነ ግን ቴፒ ነው የሚኖሩት። ቡናና የንብ ቀፎ አላቸው ተብያለሁ። መባልና መሆን ለየቅል ስለሆኑ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ሰናይትም "አባዬ፣ አይተህ የምትለውን እቀበላለሁ" ብላኛለች።

ሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ምስማር ሳይቀር ቆጥሬ አስረክቤ ቆጥሬ ስረከብ ኖሬ፣ ሰው ፈገግ ሲልልኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ግን ተጠብቃ ነው ያረጀችው። ሌላው ሹፌር ከወንዝ ቀድቶ ራዲያተሩን ይሞላል። እኔ የማላውቀውን ውሃ አላስገባባትም። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን፣ ክዳኑ እንደታሸገ የመጣውን አረንጓዴ የራዲያተር ፈሳሽ ነው የማጠጣት።

ቀን አንድ፤ ከጅማ ወደ ሚዛን ተፈሪ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። መንገዱ ገና ጠጠር የነበረበት ጊዜ ነው። ሸቤ ላይ ሻይና ዳቦ በሦስት ብር በላሁ። ሻዩ ቀጭን ነበር፤ ቅጠሉ ሁለተኛ የተፈላ ይመስለኛል። ጎጀብ ሸለቆ ውስጥ ሙቀቱ አላበኝ፤ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ቦንጋ ሽቅብ ስወጣ ደግሞ ዝናብና ጉም ተቀበሉኝ።

የፊት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያዘው። ማሞቂያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሰጠኝ፣ ወዲያው ቀዘቀዘ፣ መስታወቱም ከበፊቱ ባሰበት። በጨርቅ ስጠርገው ቅባት እንደነካው ይድበሰበሳል። የሆነ ጣፋጭ ነገርም ሸተተኝ። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቦ ስለነበር የአበባው ሽታ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቦንጋ ነዳጅ ስቀዳ ቀጂው ኮፈኑን ከፍቶ ውሃዋን ሊያይልኝ ጠየቀ። እምቢ አልኩት። ሳልጠይቀው ደግ የሆነ ሰው ምን ሊነቅል እንደፈለገ ማን ያውቃል? ውሽውሽን አልፌ፣ የሻይ ተክሉን በግማሽ የጠራ መስታወት እያየሁ፣ ሲመሻሽ ሚዛን ገባሁ። ሆቴሉ በር ላይ መኪናዋ በአንድ በኩል ዘንበል ያለች ስለመሰለኝ አራቱንም ጎማ እየዞርኩ ረገጥኩ። ሁሉም ደህና ነበሩ።

ቀን ሁለት፤ ቴፒ

በሸኮ በኩል ቴፒ የደረስኩት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ማንነቴን ሳልናገር ስለ አቶ በየነ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ አንድ ባለሱቅ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ። ሦስቱም እውነተኛ ሰው ናቸው አሉኝ። ሦስት ሰው አንድ ቃል ሲናገር አምኖ መሄድ ነው ደንቡ። እኔ ግን ቀድመው ተነጋግረው ይሆን ብዬ ወደ ልብስ ሰፊው ተመልሼ በሌላ አነጋገር ደግሜ ጠየቅሁት። መልሱን አልለወጠም።

አቶ በየነ ዝምተኛ፣ ሰፋፊ እጅ ያላቸው ሰው ናቸው። ጎደሬ ከሚጥሚጣና ከአይብ ጋር አቀረቡልኝ። ስለ ልጃቸው ሲናገሩ አላጋነኑም፤ እንዲያውም በልጅነቱ ችኩል እንደነበር ነገሩኝ። ጥፋትን ቀድሞ የሚናገር ሰው ትልቁን ደብቆ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቤታቸው እንዳድር ለመኑኝ፤ ሆቴል አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ልሰናበት ብሄድ በማር የተሞላ ጀሪካን አውጥተው ጠበቁኝ። ደነገጥኩ፤ መልስ ሳልሰጥ ማር መቀበል ጉቦ መሰለኝ። ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"አቶ ዘውዴ፣ መልስዎ እሺም ይሁን እምቢ፣ ከቤቴ ባዶ እጅዎን አይወጡም።"

ጀሪካኑን ከኋላ ልጭን ስል ከለከሉኝ። ከፊት፣ ከተሳፋሪው እግር ሥር ቢሆን ይሻላል፤ ከኋላ ከተገለበጠ አይሰሙትም አሉኝ። የት እንደምጭነው ምን አስጨነቃቸው እያልኩ ነው ከቴፒ የወጣሁት።

ቀን ሦስት፤ ከቴፒ ወደ ሚዛንና አማን

ዝናቡ ከባድ ነበር። ማሞቂያው ጭራሽ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፤ መስታወቱ ነጭ ሆነ። አንድ ቡና የጫነ የጭነት መኪና ከፊቴ መኖሩን ያወቅሁት ጡሩምባውን ሲነፋ ነው። ሸኮን አለፍ ብዬ ቆምኩ። የወደቀብኝን መጥረጊያ ጨርቅ ሳነሳ፣ በጀሪካኑ ዙሪያ ያለው ምንጣፍ ርሶ አገኘሁት። ይጣበቃል። አሸተትኩት፤ ጣፋጭ ነው። በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት። ይጣፍጣል፣ ግን እንደ ውሃ ቀጭን ነው።

በቃ፣ ያዝኳቸው አልኩ። ማሩ በስኳር ውሃ የተበረዘ ነው፤ ቀጭን ስለሆነም ፈሰሰ። ማር የሚበርዝ ሰው ልጁን ምን ብሎ ነው ያሳደገው? እውነቱን ለመናገር ከንዴቴ ይልቅ ደስታዬ በለጠ። ከጅማ የመጣሁበትን ነገር አግኝቻለሁ።

ሚዛን ስገባ ስልኬ ኔትወርክ አገኘ። ለሰናይት ደወልኩ።

"ይህ ቤተሰብ አይሆነንም" አልኳት።

"ምን አይተህ ነው?"

"ስመጣ እነግርሻለሁ። አንቺ ለልጁ ቁርጡን ንገሪው።"

 "እሺ አባዬ" ብላ ዘጋችው።

በዚያ መስታወት ጅማ መግባት ስለማይቻል አማን ውስጥ ሙዘይን የሚባል መካኒክ ጋ ሄድኩ። የስልጤ ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሲሠራ ለራሱ የሚያንጎራጉር። ቁልፉን ከእጄ ሳልለቅ አጠገቡ ቆምኩ። የሚፈታቸውን ብሎኖች በዓይኔ ስቆጥር አየኝና "ጋሼ፣ እርስዎ ቢይዙልኝ ይሻላል" ብሎ መዳፌ ላይ አኖራቸው። እያሾፈብኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ያዝኳቸው።

ሞተሩን አስነስቶ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ዳሰሰ። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ለብ ብሏል። የመስታወቱን ቅባት በጣቱ አሽቶ አሸተተ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ራዲያተሩን ሲከፍት ፈሳሹ በጣም ወርዷል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ነካ።

እሱ ማር ነው፣ ተወው አልኩት።

ጀሪካኑን አንስቶ ዞር ዞር አድርጎ አየው። ክዳኑም ታቹም ደረቅ ነበር። ከኪሱ ነጭ ሶፍት አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ተጫነውና ዓይኔ ሥር ዘረጋው።

"ጋሼ፣ አረንጓዴ ማር አይተው ያውቃሉ?"

ሶፍቱ አረንጓዴ ሆኗል። እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር ሲያስገባም ረጥቦ ተመለሰ። ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በማሞቂያው ውስጥ ከሞተሩ ትኩስ ውሃ የሚመጣለት አንድ ትንሽ ራዲያተር አለ፤ እሱ ተበስቷል። እንፋሎቱ መስታወቱን ይቀባል፣ ጠብታው ምንጣፉን ያርሳል፣ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል። ጣፋጩ የእኔው የታሸገ ፈሳሽ ነው። እንደ ሰው ሁሉ የወንዝ ውሃ ብጠቀም ኖሮ ምንም አይጣፍጥም ነበር።

"ሽታው ማሩ ሳይጫንም ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

የቦንጋው ዳገት ትዝ አለኝ። ነበር አልኩት። መቅመሴንም ነገርኩት። ፈገግታው ጠፋ፤ ይህ መርዝ እንደሆነ፣ ውሻና ድመት በጣፋጭነቱ ተታለው ልሰው እንደሚሞቱ ነግሮኝ፣ ውሃ አምጥቶ ደጋግሜ እንድጉመጠመጥ አደረገኝ። ከጣት ጫፍ ያለፈ እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ አስማለኝ፤ ካመመኝም ሳልውል ሳላድር ጤና ጣቢያ እንድሄድ አዘዘኝ። በሕይወቴ ሰው ሲጠራጠረኝ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ጀሪካኑን ከፈትኩና በንጹሕ ማንኪያ ማሩን አወጣሁ። ወፍራም፣ ወደ መርጋት የደረሰ፣ ከማንኪያው ሳይበጠስ የሚወርድ ነበር። ሙዘይንም ቀምሶ የጫካ ማር ነው፣ ምንም አልገባበትም አለ።  የሰው ስም አጥፍቼ፣ ምናልባትም የልጄን ትዳር አፍርሼ ነው የቆምኩት።

ሙዘይን የተበሳውን ፈትቶ አወጣ። ምትኩ ሚዛን ውስጥ ስለሌለ ሁለቱን ቱቦዎች በአጭር የብረት ቧንቧ አገናኘና ውሃው ማሞቂያውን ሳይነካ እንዲመለስ አደረገ። የጎደለውን ከቧንቧ በቀዳው ውሃ ሞላው። የማን ውሃ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። መስኮት በሁለት ጣት ያህል ከፍቼ እንድነዳ፣ ጅማ ስደርስ የተበሳውን እንዳስበይድ መከረኝ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከመዳፌ እያነሳ አሰረ። አንድም አልጎደለም።

ለሰናይት ደጋግሜ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ቦንጋ አድሬ ጠዋትም ሞከርኩ፤ አሁንም ዝግ ነው።

ቀን አራት፤ ጅማ

በተከፈተው መስኮት ዝናቡ ትከሻዬን እያራሰው፣ መስታወቱ ግን ጥርት ብሎ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ሰናይት በረንዳ ላይ ነበረች። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንጣፉን፣ መቅመሴን፣ አረንጓዴውን ሶፍት። አቶ በየነ ጨዋ ሰው እንደሆኑ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያልኩ ለዮናስ ነገርሽው ወይ አልኳት።

"አልነገርኩትም። ስልኬን የዘጋሁት እንዳይደውልብኝ ነው" አለች። "መጥተህ ሁለተኛውን እስክትናገር እየጠበቅሁ ነበር።"

"የምን ሁለተኛ?"

"አባዬ፣ ጎረቤታችንን ዶሮ ሰረቀችኝ ብለህ በማግስቱ ዶሮዋ ከማገዶው ሥር ወጣች። ከልጅነቴ ጀምሮ በመጀመሪያ ቃልህ ሄጄ አላውቅም።"

ተቆጥታ አልነበረም፤ የቤታችንን ልማድ ነው የነገረችኝ። ሰው የማላምነው እኔ ነኝ ብዬ ስኮራ ስኖር፣ በገዛ ቤቴ የማልታመነው እኔ ነበርኩ። ይህን ለማወቅ ቴፒ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ሳልሄድ አላወቅሁትም። ከቀመስኩት መርዝ ይልቅ አፌ ውስጥ የመረረኝ ይህ ነው።

እዚያው ፊቷ ለአቶ በየነ ደወልኩ። በሰላም መግባቴን ጠየቁኝ። የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ለወጉ እንዳለ ሆኖ፣ መልሴ እሺ መሆኑን፣ ማራቸውም የሠርጉ ጠጅ እንደሚሆን ነገርኳቸው። ስዘጋ ሰናይት ትክ ብላ ታየኛለች።

"ነገም እንዲህ ትላለህ?" አለችኝ።

ስልኳን ያን ቀን አልከፈተችም። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ያንኑ ቃል ደገምኩላት። ያኔ ተነስታ ለዮናስ ደወለች።