ቀን የመጣችው ፋሮ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰበታ ዳር ከብት የሌለው ቤት ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ልጆች ወደ ጎረቤታችን ወደ ኦቦ ደቻሳ ቤት እንሮጥ ነበር። ኩራዙ ያጨሳል፣ ፍሙ ውስጥ የተቀበረው ድንች ይሸታል፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ተረት ይነግሩናል። ከሁሉም የምወደው የፋሮዋን ነበር። ፋሮ ሸለምጥማጥ የምትመስል፣ ዶሮ የምትሰርቅ፣ ሰው ስታይ ጉድጓዷ የምትገባ አውሬ ናት፤ በእሳቸው ተረት ግን አንድ ገበሬ ጉድጓዷን ሳያፈርስባት ቢቀር በጠራራ ፀሐይ ደጁ መጥታ ተቀመጠች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም በረቱ ሞላ። ያኔ ተረቱን ከእውነት የምለይበት አእምሮ አልነበረኝም፤ እሳቸውም ብዙ የሚለዩት አይመስለኝም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፋሮ እየተንገዳገደች በረታችን ገባችና ላማችንን አፍንጫዋ ላይ ነከሰቻት። አባቴ ዱላ ሲያነሳ ኦቦ ደቻሳ በአጥሩ በኩል ሆነው፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅለው፣ «ዲሲ፣ ተዋት፤ ቀን የመጣ እንግዳ አይመታም» አሉት። የሽማግሌ ቃል ነውና አባቴ ዱላውን አስቀመጠ። ፋሮዋም እንደመጣች ሄደች።

ሳምንታት አልፈው ላሟ መብል እምቢ አለች፤ ድምጿ እስኪሻክር ትጮኻለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። አባቴ ገበያ ሄዶ ስለነበር ኦቦ ደቻሳ መጡና ድንች ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ነው ብለው፣ እኔን «ያዢ» ብለው ገመዱን አስይዘው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አፏ ውስጥ ከተቱ። ምንም አላገኙም። ጥርሷ ጣታቸውን ላጥ አድርጎት ነበርና ደሙን በጋቢያቸው ጠረጉት።

በማግስቱ ላሟ ሞተች። የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሁኔታዋንና ፋሮ ነክሳት እንደነበር ሰምቶ የእብድ ውሻ በሽታ ይመስላል አለ። አባቴ ውሻችን ጤነኛ መሆኑን ሊያስረዳው ሲሞክር፣ በሽታው ከፋሮም እንደሚመጣ፣ የዱር አውሬ ቀን ወጥታ ሰው ካልፈራች መታመሟን መጠርጠር እንደሚገባ ነገረን። በሽታው አንዴ ከተነሳበት ሰው የሚድን ስለሌለ፣ የላሟን አፍ የነካ ካለ ቶሎ መከተብ አለበት ብሎ ማን እንደነካት ጠየቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል። ኦቦ ደቻሳ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ «ማንም አልነካትም» አሉ።

ሽማግሌ ሲዋሽ ያየሁት ያኔ ነው። ፊቴ ጋለ፤ የዋሸሁት እኔ የሆንኩ ያህል አፈርኩ። ትልቅ ሰውን በሰው ፊት ማጋለጥ በእኛ ቤት ከመዋሸት የባሰ ነውር ነበር፤ ዝም ብል ደግሞ ሊሞቱ ነው። መሬት መሬት እያየሁ፣ «አባባ፣ ትናንት እጅዎን አስገብተው ነበር እኮ» አልኳቸው።

አባቴ ክንዳቸውን ይዞ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጠበላቸው፤ ወዲያው በሚኒባስ አዲስ አበባ ወስዶ ክትባቱን አስጀመራቸው። በሽታው ሳይነሳባቸው ቀረ። እኔን ግን ለወራት ቀና ብለው አላዩኝም፤ እኔም በደጃቸው ላለማለፍ ዙሪያውን እሄድ ነበር።

ክረምት ሲገባ ልጆቹ ወደ ኦቦ ደቻሳ ቤት ጎትተው ወሰዱኝ። ያን ምሽት የነገሩን አዲስ ተረት ነበር፤ የታመመች አውሬን እንግዳ ናት ያለ፣ ላም አፍ ውስጥ እጁን የከተተ፣ ሐኪም ሲጠይቀው ደግሞ እጁን የደበቀ የአንድ ሞኝ ሽማግሌ ተረት። ትንንሾቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ሽማግሌው ሞተ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«አልሞተም» አሉ፣ ቀና ብለው እያዩኝ። «አንዲት ልጅ አዋረደችው።»

ሌሎቹን ተረቶቻቸውን አብዛኞቹን ረስቻለሁ። ያቺ ቃል ግን ምስጋና ትሁን ወቀሳ ሳልጠይቃቸው ኦቦ ደቻሳ አረፉ፤ ያኔ ልጆቹ ሲስቁ አንገቴን እንደደፋሁ፣ ዛሬም ትዝ ስትለኝ አንገቴን እደፋለሁ።