የበረኛው ማሊያ

ትምህርት ቤታችንን በጃንሆይ ጊዜ የመሠረቱት እንግሊዛዊ ዳይሬክተር ሁለት ነገር ትተውልን ሄደዋል፤ ዛሬም አፌ ላይ የሚንገዳገድ እንግሊዝኛና በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረግ የኳስ ግጥሚያ። በአንድ ወገን የቀድሞ ተማሪዎች፣ በሌላ ወገን የጊዜው ተማሪዎች። አብዮቱ ሲመጣ እሳቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ የትምህርት ቤቱም ስም ተቀየረ። ግጥሚያውን ግን የነካው አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ደራ አስተምር ነበር። የግጥሚያው ቀን በአውቶቡስ አቧራ እየቃምኩ ትምህርት ቤታችን ወዳለበት ናዝሬት እመጣለሁ፤ ሌላው ከሞጆ፣ ሌላው ከዱከም ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ኳሱ ከሰለቸን ቆይቷል። ሳምንቱን ሙሉ በስብሰባና በውይይት ክበብ ተጎልቶ ለሚውል ሰው የመሮጫ ጉልበት ከየት ይምጣ? የምንመጣው ማን እንዳለ ለማየት ነበር። በየዓመቱ ቁጥራችን ይሳሳል። አንዱ ታስሯል፣ አንዱ ዘምቷል፣ አንዱ የት እንደገባ አይጠየቅም።

አንድ ደንብ ነበረን። የዘመተ ልጅ ማሊያ ለሌላ አይሰጥም፤ እስኪመለስ ቤተሰቡ ያስቀምጥለታል። ወደ ሰሜን የዘመተው የበረኛችን ማሊያ እናቱ ዘንድ ነበር። በየዓመቱ አጥበውና ተኩሰው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ይመጡና ከጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ይጠይቁናል።

«ከሰሜን የመጣ ሰው አላገኛችሁም፣ ልጆቼ?»

«አላገኘንም፣ እማማ» እንላለን።

አግኝተን ነበር። አብሮት የዘመተ የክፍላችን ልጅ በክራንች ተመልሶ፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው ነግሮናል። መርዶ ደግሞ የሽማግሌ ሥራ ነው። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ስንለምን «መንግሥት ሞተ ያላለውን እኛ ሞተ እንበል?» አሉን። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው የሚያስፈራ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አልፎ ዓመት መጣ።

በመጨረሻው ግጥሚያ፣ በበረኛችን ፈንታ ጎል ይቆም የነበረው የሞጆው ልጅ ሳይመጣ ቀረ። አፈሳ ይዞታል ተባለ። ዳኛው የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ሰዓቱን አየና «ወይ ግቡ ወይ ይቅር» አለን። ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ይሞጅረዋል። ደክሞኝ ነበር፤ ይቅር ልል ስል እናትየው ከድንጋያቸው ተነሥተው መጡ።

«ምነው ጎሉ ባዶ ሆነ?»

«በረኛ የለንም፣ እማማ።»

ነጠላቸውን ፈቱና ማሊያውን ደረቴ ላይ አደረጉት።

«እንካ፣ ልበሰው።»

«እማማ፣ ደንቡ እኮ...»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። እስኪመለስ ነው።» አሉኝ። «በጠየቅኋችሁ ቁጥር ዓይናችሁን መሬት ላይ ትተክላላችሁ። ያወቅሁት የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። በልጅ አንደበታችሁ መርዶ እንዳትናገሩ ብዬ ነበር የማላውቅ የመሰልኩት። አሁን ግን ደከመኝ፣ ልጄ።»

እኛ ለእሳቸው ስንጨነቅ፣ ለካ እሳቸው ለእኛ ሲጨነቁ ኖረዋል። ማሊያውን ለበስኩት፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እሳቸው ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱና ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

ዳኛው ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። እኔ ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ የእኛዎቹ ተከተሉኝ፣ ቆየት ብለው ተማሪዎቹም መጡ። የጓደኛችንን ለቅሶ እዚያው ከጎሉ ጀርባ ተቀመጥን።