ቦራ የቀረችበት ተራራ

ልጅ ሳለሁ ጅጅጋ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች የምንሮጠው ወደ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ደጃፍ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከሰል አቀጣጥለው፣ ፋኖሱን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ስለ ቁንዱዶ ያወሩልን ነበር። ተራራው ከካራማራ ማዶ በስተምዕራብ ነው፤ አየሩ በጠራ ጠዋት ከካራማራ አናት ሲያዩት ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ያኔ ግን አንዳችንም ወጥተን አናውቅም፤ ለእኛ ቁንዱዶ የከሰል ሽታ ያለው ወሬ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ወጣት ሳሉ፣ መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ጨርቅና ሻይ ቅጠል በፈረስ እያመላለሱ ይነግዱ ነበር። ባዝራቸው ቀላ ያለች ዳማ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ይሏታል። አንድ ዓመት ዝናብ ቀርቶ የጅጅጋ ሜዳ አፈር ብቻ ሲሆን፣ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ወደሚኖሩበት ወደ ቁንዱዶ አናት እየሳቡ አወጧት።

«ታች አቧራ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ጉም ይመጣል» ይሉን ነበር። «ዝናብ ሳይነካው ሳሩ ይረጥባል። ፈረስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

«ብርድ የለም?» እንላለን፣ መልሱን እያወቅን።

«ብርድማ! የእናንተን ጆሮ ቆርጦ ይጥለዋል። እሷ ግን የበግ ያህል ፀጉር አብቅላለች።»

ከሁላችን አፈኛው ዩሱፍ ነበር። «ጋሼ፣ እንግዲያ ፈረስ ናት በግ?»

«ዋርያ! አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ስማ!»

አንድ ምሽት ግን ዩሱፍ ሌላ ነገር ጠየቀ። «ዝናቡ ሲመጣ ለምን አላመጧትም?»

ጋሽ ደምሴ አመዱን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረጉ። «ዝናቡማ መጥቶ ነበር» አሉ። «ያን ጊዜ ዕቃዬን በመኪና ማስጫን ጀምሬያለሁ። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል... እኔ ነኝ ያልሄድኩት።» ፋኖሱን አውርደው ገቡ። እኛም ፍሙ እስኪጠፋ እዚያው ቆየን።

ሳድግ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ዝናብ በተከታታይ በቀረባቸው በእነዚህ ቅርብ ዓመታት ስለ ድርቁ ለሬዲዮ ልዘግብ ወደ ጅጅጋ ተላክሁ፤ ጉዞው ቁንዱዶንም ይጨምር ነበር። ጋሽ ደምሴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ስትወጣ እይልኝ» አሉኝ። «እሷስ ሞታለች፣ አውቃለሁ። ግንባሩ ቦራ የሆነ ውርንጫ ካለ ግን ዘሯ ተርፏል ማለት ነው። እኔም ትንሽ ይቀለኛል።»

ወጣሁ። የልጅነት ወሬው በአብዛኛው ልክ ነበር፦ ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ሰፊ ሜዳ፣ ነፋሱ ጃኬት የማያቆመው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መጣና የዘረጋሁት እጄ ጠፋብኝ። የፈረስ ኮቴና የደረቀ ፋንድያ አየሁ፤ ፈረስ ግን አላየሁም። መንገድ መሪዬ ፈረሶቹ የሚጠጡበት ነው ብሎ ያሳየኝ ኩሬ ደርቆ ጭቃው ተሰነጣጥቋል።

ስመለስ ጋሽ ደምሴ ሱቁ በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር።

«ፈረስ አላየሁም ጋሼ። ጉም ነበር።»

«ወፍራም ጉም?»

«እጄ እንኳን አይታየኝም ነበር።»

«በቃ!» ፊታቸው በራ። «ጉም ካለ ሳሩ ረጥቧል። ሳሩ ከረጠበ አሉ። አንተ አላየሃቸውም እንጂ እነሱ አይተውሃል።»

ስለ ኩሬው አልነገርኳቸውም። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ጀማሪ ሪፖርተር እንዲህ ጎዶሎ አድርጎ ቢያመጣልኝ ግን እመልስበታለሁ። በዚያው ሳምንት የላክሁት ዘገባ የጀመረው በደረቀው ኩሬ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሬዲዮ እንደማያመልጣቸው እያወቅሁ ላክሁት።

ዘገባው በተላለፈ ማግሥት ደወሉልኝ። ስለ ኩሬው ይጠይቁኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«ሰማሁት» አሉ። «ጉሙን ግን አልተናገርክም።»

ለእሳቸው ኩሬውን፣ ዘገባውን ለሰማው ሰው ደግሞ ጉሙን አስቀርቼ ነበር። ዛሬም ለሥራ ካራማራን ስሻገር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቁንዱዶ አያለሁ። ጫፉን ጉም የሸፈነው ቀን፣ ሳሩ ረጥቧል ብዬ ይቀለኛል፤ ጠርቶ ከታየ ግን ቶሎ ብዬ ፊቴን ወደ መንገዱ እመልሳለሁ።